የሙከራው ወር

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪዎች «እትዬ ጸጥታ» የሚሏት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበረች። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። ብቻ በንባብ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ከየት መጣች ሳይባል አጠገቡ ቆማ ትገኛለች። አትቆጣም፤ ዝም ብላ ታያለች። ያ አስተያየቷ ከቁጣ ይብሳል ይላሉ የቀመሱት።

ሥራዋ ግን ሰው ዝም ማሰኘት አልነበረም። ከአዳራሹ ጀርባ፣ አሮጌ ጋዜጦች ከተደረደሩበት ኮሪደር ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶችንና የምርምር መረጃ ቋቶችን ትከታተላለች። ትከታተላለች ይባል እንጂ የምትከታተለው ብዙም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው የገዛቸው የመረጃ ቋቶች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ያረጁ ናቸው። መምህራኑ አንድ ጥናት ሲፈልጉ የሚያገኙት ርዕሱንና አብስትራክት የሚሉትን አጭር ማጠቃለያ ብቻ ነው። ዋናው ጽሑፍ ተቆልፏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እትዬ ጸጥታ ታዲያ ሽንጧን ገትራ ተነሳች። ብዙዎቹን ትልልቅ የምርምር መጽሔቶች በአንድ ላይ የያዘ የመረጃ ቋት ነበር። ባለቤቱ ለሆነው ድርጅት ጻፈች፤ ደወለች፤ መልስ ሲዘገይባት እንደገና ጻፈች። ሰዎቹ መታከታቸው ይሁን መራራታቸው እንጃ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ለአንድ ወር መላው ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያና ያለ ይለፍ ቃል እንዲጠቀም ፈቀዱ። የሙከራ ጊዜ ነው። ወሩ ሲያልቅ ምን ያህል ሰው እንደተጠቀመ ይታያል፤ ያንን አይቶ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ይገዛ ወይም ይቅር ብሎ ይወስናል።

በየሕንጻው ማስታወቂያ ለጠፈች። ለመምህራኑ ሁሉ ኢሜይል ላከች። ከዚያም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የሰዉን ግርግር ጠበቀች። ግርግር የለም። ማስታወቂያዎቹ ላይ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ተለጠፈባቸው።

ወሩ ሲጋመስ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠሯት። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጋ ያሉ፣ ሰው ማስከፋት የማይወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ኮምፒውተራቸውን ወደ እሷ አዞሩና ድርጅቱ የላከውን የአጠቃቀም መረጃ አሳዩዋት። ለዩኒቨርሲቲ ቀርቶ ለአንድ መንደር ትምህርት ቤትም የሚያሳፍር ነበር።

«መድከምሽን አውቃለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ግን ሰው ካልፈለገው ምን ይደረጋል? ኮሚቴው ይህን ካየ መምህራኑ አያነቡም ብሎ ይዘጋዋል። አንዴ ከዘጋው ደግሞ እኔም አንቺም እዚህ ሳለን አይከፍተውም።»

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ውስጧ እየተንጨረጨረ ነበር። ለምርምር መጽሔት የለንም እያሉ ሲያለቃቅሱ የከረሙ ሰዎች መጽሔቱ ደጃቸው ሲመጣ ዝናብ እየዘነበ ጋኑን ደፍቶ እንደሚተኛ ሰው ሆኑባት። የልፋቷን ያህል ተናደደችባቸው።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይሰፋ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ የፊት ለፊቱ ክፍል ሱቁ ሲሆን የኋላው መኖሪያቸው ነው። ታናሽ እህቱም ከእነሱ ጋር ትኖራለች። የእርሻ ኮሌጅ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ሲከርም የሚያበሰብሰውን ሻጋታ በአንድ ዛፍ ቅጠል ጭማቂ ለመከላከል ስትሞክር ዓመታት አልፈዋል። ጸጉሯም ሻርፗም ሽንኩርት ይሸታል። ወንድሟ «ሽንኩርቴ» ነው የሚላት፤ ሰፈሩም ከእሱ ለምዶ ሽንኩርቴ ይላታል። ሌላው ሰው እህቱ ስትሄድ ያለቅሳል፣ እኔ ስትመጣ ነው የማለቅሰው እያለ ደንበኞቹን ያስቃል።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ሽንኩርቴ አልሳቀችም። ሰሞኑን ሥራዋን ለኮሌጁ መምህራን አቅርባ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ተማሪዎች እሳቸው በሌሉበት «መቀስ» የሚሏቸው አዛውንት ፕሮፌሰር ናቸው፤ የተማሪ ጥናት እጃቸው ከገባ ሳይቆረጥ አይወጣምና። እሳቸው ሲያዳምጧት ቆይተው፣ ይህ ቅጠልና ይህ ሻጋታ ሌላ አገር ተጠንቷል፤ የተሠራን ሥራ መድገም ዶክትሬት አያሰጥም አሉ። የጥናቱንም ርዕስ ነገሯት። ሄዳ ፈለገችው። ማጠቃለያውን አገኘች። በእርግጥም የቅጠሉ ጭማቂ ሻጋታውን ያቆማል ይላል። ዋናው ጽሑፍ ግን ተቆልፏል።

«እታበባ» አለቻት የወንድሟን ሚስት፤ ከልጅነቷ ጀምራ እንዲህ ነው የምትጠራት። «ትምህርቱን ልተወው ነው። አንድ የእርሻ ድርጅት ሥራ አለ ብሎኛል።»

ባሏ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ አቆመው። እትዬ ጸጥታ ግን ወዲያው ያሰበችው ሌላ ነገር ነበር።

«ጽሑፉን ለምን በሙከራው አትከፍቺውም? እኔ ስንት ጊዜ ለፍፌ ያስመጣሁት ለእንዲህ ያለው አይደል?»

ሽንኩርቴ አንገቷን ደፋች። «ሞክሬያለሁ። የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ጓደኞቼንም ይጠይቃቸዋል። አንቺን ላለማሳፈር ብዬ ነው ያልነገርኩሽ እንጂ፣ እኛ ኮሌጅ የከፈተው ሰው የለም።»

«የምን ይለፍ ቃል? ምንም መጠየቅ የለበትም እኮ።»

«ይጠይቃላ።»

እትዬ ጸጥታ ያን ሌሊት ነገሩ ሲገላበጥባት አደረ።

ጠዋት ሽንኩርቴን አስከትላ ቤተ መጻሕፍት ገባች። በራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና የጥናቱን ርዕስ አስጻፈቻት። ጽሑፉ ያለ ምንም ጥያቄ ከነሠንጠረዡ፣ ከነፎቶው ወለል ብሎ ተከፈተ። ሽንኩርቴ ዓይኗን ማመን አቅቷት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«እዚህ ይሠራል፤ እዚያ አይሠራም» አለች እትዬ ጸጥታ ለራሷ። «አንቺ አንብቢ፤ እኔ መጣሁ።»

መንገዱን ተሻግራ እርሻ ኮሌጅ ሄደች። የአንድ መምህር ኮምፒውተር አስፈቅዳ ሞከረች፤ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ሕግ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ጠየቃት። ምህንድስና ሄደች፤ እዚያም ያው። በየደረሰችበት መምህራኑ የሚነግሯት አንድ ነገር ነው። ኢሜይሉ ሲደርሰን ደስ ብሎን ሞክረን ነበር፤ አልገባ አለን፤ እንደ ሁልጊዜው ለይስሙላ መስሎን ተውነው። ይህን ስትሰማ እፍረት ተሰማት። እሷ ተኝተዋል ብላ ስትቆጣቸው የከረመችው ሰዎች በሩን አንኳኩተው የተመለሱ ነበሩ።

የኔትወርክ ባለሙያው ቢሮ ከአስተዳደር ሕንጻው ደረጃ ሥር ናት። የማሽኖቹ ማቀዝቀዣ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ባለሙያው ጃኬቱን ደርቦ፣ በደጅ ሙቀት እሱ ብርድ ብርድ እያለው ተቀምጧል። ችግሩን ነገረችው። ለድርጅቱ የላክሽውን አድራሻ አሳዪኝ አላት፤ አሳየችው። አንዴ አየውና ጭንቅላቱን አከከ።

እያንዳንዱ የኮምፒውተር መስመር እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አለው፤ ድርጅቱ ዩኒቨርሲቲውን የሚለየው በዚያ ቁጥር ነው ብሎ አስረዳት። እሷ የላከችው ቁጥር ድሮ የሁሉም ነበር። አሁን ግን የቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ሆኗል፤ ኮሌጆቹ ወደ አዲስ መስመር ከተዛወሩ ቆይተዋል። ስለዚህ ከኮሌጅ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ድርጅቱ እንደ መንገደኛ ያየዋል።

«ታዲያ ይህን ማንም አልነገረኝም» አለችው።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ እትዬ» አላት።

ተያዩና ሁለቱም ሳቁ። ባለሙያው አዲሶቹን ቁጥሮች እዚያው ሰጣት። ከእሱ ቢሮ ሳትወጣ ለድርጅቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት እስከ ነገ ጠዋት እንጨምራቸዋለን አለቻት። የባከነውን ጊዜ እንዲያራዝሙላት ለመነች፤ ሴትየዋ በትሕትና፣ ወሩ ግን አይራዘምም አለቻት።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሽንኩርቴ ወረቀቶች ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እትዬ ጸጥታ እውነትም ተሠርቶ ኖሯል ብላ አሰበች።

«ምነው፣ እህቴ?»

«እየጠበቁኝ ነበር» አለች ሽንኩርቴ።

«እነማን?»

ወረቀቱን ሰጠቻትና በጣቷ አመለከተቻት። ሰዎቹ ጥናቱን የሠሩት በላቦራቶሪ ውስጥ፣ በትንንሽ የብርጭቆ ሳህን ላይ ነበር። ሻጋታውን ሳህን ላይ ዘርተው፣ ጭማቂውን አንጠባጥበው፣ መቆሙን አይተዋል። ሽንኩርት የሚባል ነገር አልነኩም። ማጠቃለያው ይህን አይናገርም። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል፦ ይህ ነገር በእውነተኛ መጋዘን፣ በእውነተኛ ሽንኩርት ላይ፣ ወቅት ጠብቆ ገና አልተሞከረም፤ እኛ አልቻልንም፤ የሚሞክረው ሰው ለጥያቄው መልስ ይሰጣል።

ሽንኩርቴ ዓመታት የፈጀችው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። ክረምት ከበጋ ሽንኩርት ስታገላብጥ፣ የበሰበሰውን ከጤነኛው ስትለይ የኖረችው ለዚህ ጥያቄ ኖሯል። እትዬ ጸጥታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አቀፈቻት። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፤ ግድም አልሰጣት። ሁለቱም ድምፅ አውጥተው ሳቁ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ተማሪዎች ማን ደፈረ ብለው ዞር አሉ።

ሽንኩርቴ ጽሑፉን ይዛ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄደች። ሰጠቻቸው። ፕሮፌሰሩ እዚህ ተዪው፣ ነገ ተመለሺ ብቻ አሏት። በማግሥቱ ስትመለስ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተሰምሮበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብለው አዩዋትና «ቀጥዪ» አሏት። ከእሳቸው አፍ ይህን ያህል ደግ ቃል የሰማ ተማሪ አይታወስም ነበር።

የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። በሩ አሁን ለሁሉም ኮሌጅ ተከፍቷል፤ ግን አንዴ ተንኳኩቶ አልከፈት ያለ በር ዳግመኛ የሚያንኳኳው የለም። ሌላ ኢሜይል ብትልክ ማን ያምናታል? በኢሜይል ያጣኋቸውን በእግሬ ልሞክራቸው አለች። ኃላፊው ክፍሏን ዘግታ እንድትዞር ፈቀዱላት፤ ጫማሽን ግን የማይቆረቁር አድርጊ ብለው ቀለዱባት።

መጀመሪያ የገባችው እርሻ ኮሌጅ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። ስለ መረጃ ቋቱ ልታስረዳ ጀመረች፤ ሰዉ በትሕትና ያዛጋል። መሐል ላይ ንግግሯን ተወችና አንዱን የእንስሳት ሐኪም፣ ፈልገህ ፈልገህ ሊከፈትልህ ያልቻለ ጽሑፍ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ሳያስብ አንድ ርዕስ ነገራት። ስለ ጥጃዎች ሳንባ በሽታ ነው፤ ስንት ጊዜ ሞክሮት ተቆልፎበታል። እዚያው ከፈተችለት። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። ከኋላው ያሉት መምህራን እኔም አለኝ፣ እኔም አለኝ እያሉ ከበቧት።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባት። እያንዳንዱ መምህር ልቡ ላይ የቀረች አንዲት ጽሑፍ አለችው። ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሷኑ ነው። የድልድይ መሐንዲሷ ስለ ዝገት ነበራት። የሕግ መምህሩ ስለ ውርስ ክርክር ነበረው። አንድ ዝምተኛ የሒሳብ መምህር፣ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ሲፈልጉት የነበረ ጽሑፍ ሲከፈትላቸው ጣታቸውን ዘርግተው የስክሪኑን መስመር እንደ ዓይነ ስውር ዳበስ አደረጉት። እትዬ ጸጥታ ፊቷን ለመጥረግ ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብላ ተመለሰች።

መምህራኑ ለተማሪዎቻቸው ነገሩ። መቀስ የተባሉት ፕሮፌሰር የክፍላቸውን ተማሪዎች እንዳለ ይዘው መጥተው የንባብ አዳራሹን ሞሉት። ከየኮምፒውተሩ፣ ይህን አየህ፣ ያንን አውርጂው፣ ለእኔም ላኪልኝ የሚል ጫጫታ ይሰማል። ተማሪዎቹ የለመዱትን አስተያየት ፈርተው በዓይናቸው ይፈልጓታል፤ እሷ ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ከሁሉም በላይ የምትጮኸው ራሷ ነበረች።

ወሩ አለቀ። አንድ ጠዋት የመረጃ ቋቱ ተዘጋ።

ቢሮ ከመግባቷ ስልኳ ጮኸ። የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ ምን ሆነብን አለ። እሱን ሳትጨርስ መሐንዲሷ። ከዚያ ሕግ ትምህርት ቤት። ከዚያም በአካል መጡ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ የኃላፊውን በር ሞሉት። ኃላፊው በመጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ቆይተው ግን ፊታቸው እየፈካ መጣ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መጽሐፍ ተከለከልን ብሎ የተጣላኝ መምህር አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ብሞትም አልቆጭም አሉ። ከዚያም መነጽራቸውን አስተካክለው ለመጣው ሁሉ አንድ መልስ መስጠት ጀመሩ፦ ውሳኔው እኛ ጋ ሳይሆን የኮሚቴው ሰብሳቢ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጋ ነው፣ ሂዱና ንገሯቸው።

ሰዉ ሄደ። ቀትር ሳይሆን የምክትል ፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ለኃላፊው ደወለች። እባክዎ ሰው መላክ ያቁሙልን፣ የኮሚቴው ስብሰባ በዚሁ ሳምንት ይሆናል አለች።

በስብሰባው ላይ እትዬ ጸጥታ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ተናገረች። የተጠቃሚው ቁጥር በመጀመሪያ ለምን እንዳነሰ፣ በኋላ ለምን እንደ ጎርፍ እንደሞላ አስረዳች። የበጀት ክፍሉ ሰው አልተዋጠለትም። ይህ የሰሞን ሞቅታ ነው፤ ስንገዛው ሰዉ ይረሳዋል፤ መምህራኑ ማጠቃለያውን ካገኙ ይበቃቸዋል፣ እስከ ዛሬስ በእሱ ሲሠሩ አልኖሩም ወይ አለ።

ኮሌጃቸውን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሱ። መቀሱ ምን ሊቆርጥ ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ።

«በማጠቃለያ ስንሠራ ኖረናል፤ እውነት ነው» አሉ። «በቅርቡ አንዲት ተማሪን ሥራሽ ተሠርቷል ብዬ ልመልሳት ነበር። የተሠራ ያልኩትን ጥናት ማጠቃለያውን እንጂ ውስጡን አላነበብኩትም፤ እንደ እሷው ተቆልፎብኝ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም። ልጅቷ ከፍታ አነበበችውና አምጥታ ሰጠችኝ። የሠራችው ሥራ ሌላ ማንም ያልሠራው ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ተማሪዎቼን ሳታነቡ አትፍረዱ እያልኩ፣ ሳላነብ ፈረድኩ። ከእሷ በፊት ስንቷን እንደመለስኩ አላውቅም። ይህን ነገር የምትገዙት ለእነሱ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም ነው።»

ተቀመጡ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ የበጀት ክፍሉን ሰው፣ የምትጨምረው አለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ፕሮፌሰሩን አየ፤ ወረቀቱን አጠፈና የለኝም አለ። እንዲገዛ ተወሰነ። ድርጅቱም ውሳኔውን ሲሰማ ውሉ እስኪፈረም ሳይጠብቅ በሩን ከፈተው። እትዬ ጸጥታ ከስብሰባው ስትወጣ ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ጨበጧት፤ እጇን ቶሎ አልለቀቁትም።

ሽንኩርቴ ጥናቷን ለመከላከል የቀረበችው ወራት ቆይቶ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ፣ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ የሚሉት ግማሹ ባይገባውም እህቱ በተናገረች ቁጥር አንገቱን ይነቀንቃል። ፕሮፌሰሩ አልማሯትም። ከሁሉም የከበደውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ መጋዘኑ ውስጥ ሙቀቱ ሲቀያየር ውጤቱ ለምን አልተቀየረም አሉ። ሽንኩርቴ ትንፋሽ ወስዳ መለሰች። ደግመው ጠየቁ፤ ደግማ መለሰች። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ፈገግ ብለው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ።

ገምጋሚዎቹ ተማክረው ሲመለሱ ሁሉም ሰው ቆመ። ዶክተር ብለው ጠሯት። ጭብጨባው አልቆም አለ። ወንድሟ ያለቅሳል፤ ፊቱንም አልጠረገም። ሽንኩርቴ ከመድረኩ ወርዳ እሱን አልፋ መጀመሪያ ያቀፈችው የወንድሟን ሚስት ነበር። ለሰዎቹ ጽፌላቸዋለሁ አለቻት በጆሮዋ፤ ለእነዚያ ለሳህኖቹ ባለቤቶች። ውጤቱን ላኪልን፣ ቀጣዩን አብረን እንሥራ ብለዋል።

ሦስቱ ተያይዘው ከአዳራሹ ሲወጡ ደረጃው ላይ አንድ ወጣት መምህር እትዬ ጸጥታን አስቆማት። አዲስ ነው፣ አታውቀውም። አንድ ጽሑፍ አልከፈት ብሎኛል፣ እርስዎ ይከፍታሉ ብለውኝ ነው አላት።

«ሰኞ ጠዋት ና፤ ርዕሱን ይዘህ» አለችው። «ዛሬ ከዶክተሯ ጋር ነኝ።»

ባሏን በአንድ እጇ፣ ሽንኩርቴን በሌላው ይዛ ወደ ፀሐዩ ወረደች።